ስለ ሩቅ ባሕርና ስለ ይፋት ዝናብ

ከደብረ ሲና ከተማ በላይ፥ ጠርማ በር ከሚባለው አፋፍ፥ ጣሊያን በወረራው ዘመን ካስቆፈረው ዋሻ አጠገብ የቆመ ሰው ሁለት አገር ያያል። በስተ ምዕራብ ያለው የደጋ ውሃ በጀማ አድርጎ ከዓባይ ይገባል፤ ከዚያም ሱዳንንና ምስርን አጠጥቶ ከታላቁ ባሕር ይደርሳል። በስተ ምሥራቅ ያለው ግን ገደሉን ወርዶ፥ ከሮቢና ከጀውሃ ከሌሎችም የይፋት ወንዞች ጋራ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽም ከባሕር አይደርስም፤ በጂቡቲ ድንበር አቤ ከሚባለው የጨው ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። እንግዲህ የይፋት ቆላ በወንዙ ለባሕር አንዲት ጠብታ እንኳ አይሰጥም ማለት ነው። ነገር ግን የይፋት ገበሬ የሚበላው እንጀራ ሁሉ መነሻው ከባሕር በመጣ ደመና ነው። እኔ በበኩሌ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ከተማውን ሲውጠው እያየሁ ጠጕሬ ሸብቷል፤ ከየት እንደሚመጣ የጠየቅሁት ግን ዘግይቼ ነው።

እንድጠይቅ ያደረገኝም አንድ የቀወት ገበሬ ነው። ነገሩ የሆነው በ2007 ዓ. ም. ክረምት ነው። በሚያዝያ የዘራው ማሽላ በሰኔ ጠውልጎ፥ ሐምሌም ገብቶ ሰማዩ ልክ እንደ ናስ ሆኖበት፥ ከሁለት በሬዎቹ አንዱን ሊሸጥ ወደ ደብረ ሲና ገበያ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጥላ ሥር ዐርፎ ሳለ ሰላም አልሁትና ከአጠገቡ ተቀመጥሁ። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፥ «የኔታ፥ ልጄ ከትምህርት ቤት ሰምቶ የነገረኝ ነገር አለ። ዘንድሮ ዝናብ እንዲጠፋ ከየካቲት ጀምሮ ያወቀ ሰው ነበር አለኝ። እውነት ነውን?» አለ። እኔም አላውቅም አልሁት። «ያወቀ ከነበረ ዘሬን ሳልበትን ስለ ምን አልነገረኝም? ካላወቀስ ስለ ምን ዐወቅሁ ይላል?» ብሎ በሬውን እየነዳ ሄደ።

ለዚህ ጥያቄ የምመልሰው አልነበረኝም። በቅኔ ቤት ያደግሁ ሰው የቃልን ሰምና ወርቅ መለየት እንጂ የነፋስን መንገድ መለየት አልተማርሁም። ከዚያ ወዲህ ግን ሊቃውንቱ ስለዚህ ነገር የጻፉትን ስፈልግ፥ የሚያውቁትንም ስጠይቅ ቆየሁ። ያገኘሁትን ለአንባቢ እነግራለሁ፤ ዋናው ነገሬ ግን የነፋሱ ጥበብ ሳይሆን የገበሬው ጥያቄ ነው።

በእርግጥ ታውቆ ነበር። በዚያው ዓመት በየካቲት መጨረሻ የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር መሥሪያ ቤት ኤል ኒኞ የሚባለው ነገር መጀመሩን ለዓለም አስታውቆ ነበር። ኤል ኒኞ በእስፓንያ ቋንቋ «ሕፃኑ» ማለት ነው። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ባሕራቸው በልደት በዓል ሰሞን ሲሞቅ፥ ዓሣውም ሲሸሽባቸው ባዩ ጊዜ በተወለደው ሕፃን ስም ጠሩት። ነገሩም እንዲህ ነው። በፓሲፊክ ውቅያኖስ በምድር ወገብ አጠገብ ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየነፈሰ የሞቀውን ውሃ ወደ እስያ ወገን ይገፋዋል። ያ ነፋስ የደከመ እንደ ሆነ የሞቀው ውሃ ወደ አሜሪካ ወገን ይመለሳል። ውሃው በሞቀበት ስፍራ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፥ ደመናም ይሆናል። በአንድ ወገን የወጣ አየር በሌላ ወገን መውረድ ግድ ነውና፥ የሚወርደው አየር ደመናን ያፈርሳል እንጂ አይሠራም። በዚህ ምክንያት ከህንድ ውቅያኖስ፥ ከቀይ ባሕር፥ ከምዕራብም በኮንጎ ደን በኩል ርጥበት ወደ ደጋችን የሚያመጡት የክረምት ነፋሳት ይደክማሉ። ባሕሩ በተቃራኒው ሲቀዘቅዝ ላ ኒኛ ማለት «ሕፃኒቱ» ይሉታል፤ ያን ጊዜ የእኛ ክረምት ብዙውን ጊዜ ይበረታል።

ከእኛ የሚቀርበው የህንድ ውቅያኖስም የራሱ ጠባይ አለው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ሳጂ የሚባል ህንዳዊ ከጃፓናዊው ከቶሺዮ ያማጋታና ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ሆኖ፥ ይህ ውቅያኖስ እንደ ሚዛን ሁለት ወገን እንዳለው አስረዳ። በሶማሌ ጠረፍ በኩል ሲሞቅ በሱማትራ በኩል ይቀዘቅዛል፤ ወይም ይህ ይገለበጣል። በ2019 ሚዛኑ ወደ እኛ ወገን እጅግ ባዘነበለ ጊዜ ምሥራቅ አፍሪካ በጎርፍ ተጥለቀለቀ፤ በዚያው ወራት አውስትራሊያ ደርቃ በእሳት ነደደች። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ ላ ኒኛ የእኛን ክረምት ሲያበረታ የቦረናንና የሶማሌን የመፀው ዝናብ ያጠፋል። ከ2013 ዓ. ም. ጀምሮ በዚያ አገር አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲጐድል፥ የከብቱ ሬሳ በሜዳ ሲከመር፥ ደገኛው ክረምቱን ያመሰግን ነበር። አንዱ ባሕር ለአንዱ ወንድም ጥጋብ ለሌላው ረኃብ ሲልክ ሁለቱም አላወቁትም።

ይህ ዕውቀት የተገኘበት መንገድ ራሱ ትምህርት አለው። በ1904 በአውሮፓ አቆጣጠር ጊልበርት ዎከር የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ወደ ህንድ ተላከ። ህንድ በ1877ና በ1899 ዝናብ ጐድሎባት እጅግ ብዙ ሕዝብ አልቆባት ነበርና፥ የሚመጣውን ዝናብ አስቀድሞ የሚያስታውቅ መላ ፈልግ ተባለ። እርሱም የዓለምን የአየር መዝገብ ሁሉ ሰብስቦ እየደመረና እያነጻጸረ ሃያ ዓመት ሠራ። ከሰበሰባቸውም መዝገቦች አንዱ የዓባይ ሙላት ልክ ነበረ። ይህም ማለት በጎጃምና በወሎ፥ በጠርማ በርም ምዕራብ የዘነበው ዝናብ ምስር ወርዶ ተለካ፤ ቁጥሩ ህንድ ተሻግሮ ተጻፈ፤ የህንድ ገበሬም ዝናቡን እንዲያውቅበት ተደረገ። የእኛ አባቶች በ1880ዎቹ በክፉ ቀን ሲያልቁ፥ ሊቃውንቱ ዛሬ እንደሚሉት በ1888 የነበረው ኤል ኒኞ ዝናቡን አስቀርቶ፥ የከብቱም በሽታ በሬውን ፈጅቶ ሲያልቁ፥ ይህን የሚነግራቸው አልነበረም። ዝናባችን ሌላውን ማስተማር የጀመረው እኛን ሳያስተምር ነው። እኔ ይህን ስጽፍ ለመክሰስ አይደለም። ዎከር የበደለን ነገር የለም፤ መዝገቡን አልደበቀም፤ መጽሐፉ ለሁሉ ክፍት ነበረ። እኛ ግን ያን ጊዜ የዝናብ መዝገብ አልነበረንም፤ የሌላውንም አንብበን አልተጠቀምንም።

ዎከር የአየሩን ክብደት ከአንዱ ውቅያኖስ ወደ ሌላው እንደ ሚዛን ሲወዛወዝ አየ፤ ምክንያቱን ግን አላገኘም። ምክንያቱን ያገኘው ያዕቆብ ብየርክኔስ የሚባል ኖርዌያዊ ነው፤ ይህም በ1969 ነው። የዚህ ሰው አባት ቪልሄልም በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በበርገን ከተማ የአየር ሊቅ ነበረ። በጦርነቱ ምክንያት እንግሊዝ የአየሩን ወሬ ምስጢር አድርጋ ስለ ከለከለች፥ ከጦርነቱ ያልገባችው ኖርዌይ ከባሕር የሚመጣባትን ማዕበል ማወቅ አቃታት። አባቱም በጠረፉ ሁሉ ብዙ ጠባቂዎች አኑሮ፥ ከነርሱ በሚመጣው ወሬ አዲስ ጥበብ አወጣ። እንግዲህ ከመከልከልም ጥበብ ወጣ ቢባል እውነት ነው፤ የዓሣ አጥማጁ ጀልባ ግን እስከዚያ ድረስ ማዕበሉን ሳያውቅ ባሕር መውጣቱ አልቀረም። መንግሥታትም ይህን ተረድተው የዓለም የአየር ጠባይ ማኅበርን በ1950 አቆሙ። በ1995ም ለሰው ሕይወት የሚያስፈልገውን የአየር ወሬ ያለ ዋጋና ያለ ክልከላ እንዲሰጣጡ፥ በ1999 ደግሞ ስለ ወንዞች ተመሳሳይ ነገር ወሰኑ። የወንዙን ግን ለመፈጸም ብዙዎች ይቸገራሉ። የወንዙን ልክ የጻፈበትን ደብተር እንደ ምሽግ ካርታ የሚሰውር መንግሥት ዛሬም አለና።

ባሕሩን ለመለካት የሚደረገው ድካም ለማመን የሚያስቸግር ነው። በ1982 የመጣውን ታላቅ ኤል ኒኞ ማንም አስቀድሞ ስላላየው፥ ሊቃውንቱ አፍረው፥ ወደ 70 የሚሆኑ ተንሳፋፊ መለኪያዎችን በፓሲፊክ ውቅያኖስ መልሕቅ እየጣሉ ተከሉ። ከዚያም ከብዙ መንግሥታት የተዋጡ ወደ 4,000 የሚጠጉ ትንንሽ ተንሳፋፊዎች በዓለም ባሕር ሁሉ ተበተኑ። እነዚህም እስከ 2,000 ሜትር ጠልቀው በየ10 ቀኑ ወደ ላይ እየወጡ የውሃውን ሙቀትና ጨው በሰማይ ላለው መሣሪያ ይነግራሉ። በህንድ ውቅያኖስም ከ2004 ጀምሮ አሜሪካ፥ ህንድ፥ ጃፓን፥ ኢንዶኔዥያ፥ ቻይናና ሌሎችም ሆነው የመልሕቅ መለኪያ መትከል ጀመሩ። ነገር ግን በሶማሌ ጠረፍ ፊት ያለው ክፍል፥ ይኸውም ለእኛ ዝናብ ከሁሉ የሚያስፈልገው፥ ከሌላው ይልቅ ዘገየ። የባሕር ወንበዴዎች መርከብ ስለሚይዙ የሊቃውንቱ መርከብ ወደዚያ መቅረብ አልቻለምና። ወንበዴውም የራሱን እናት ከብት የሚያድነውን መሣሪያ እንዳይተከል የከለከለ መሆኑን አላወቀም።

በዚህ በአፍሪካ ቀንድም በ1989 በናይሮቢ የድርቅ መጠበቂያ ድርጅት ቆመ፤ በኋላ በኢጋድ ሥር ገብቶ ዛሬ የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማእከል ይባላል። ኢትዮጵያ፥ ኬንያ፥ ሶማሊያ፥ ሱዳን፥ ደቡብ ሱዳን፥ ጂቡቲ፥ ኤርትራ፥ ኡጋንዳ፥ ደግሞም ታንዛኒያ፥ ሩዋንዳና ቡሩንዲ ይካፈሉበታል። ከ1998 ጀምሮ የየአገሩ የአየር ጠባይ ሊቃውንት በዓመት ሦስት ጊዜ ከዝናቡ ወራት አስቀድመው ይሰበሰቡና በአንድ ካርታ ላይ ይስማማሉ። መንግሥታቸው በድንበር ሲካሰስ፥ አምባሳደር ሲጠራ፥ እነርሱ ግን ስለ ደመና በአንድ ጠረጴዛ ይነጋገራሉ። እኔ ይህን ከባሕሩ መሣሪያ ሁሉ ይልቅ አደንቃለሁ። የአገራችን የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤትም በ1973 ዓ. ም. ራሱን ችሎ ከቆመ በኋላ፥ ከ1979 ዓ. ም. ጀምሮ የወቅት ትንበያ ማውጣት ጀምሯል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞቻችን፥ «ዝናብ የፈጣሪ ነው፤ አስቀድሞ ዐወቅሁ ማለት ትዕቢት ነው» ይላሉ። ለዚህ ብዙ ቃል አላባክንም። በባሕረ ሐሳብ የሺህ ዓመት ጾምና በዓል አስቀድመን የምንቈጥር እኛው ነን፤ ጨረቃን ስንቈጥር ጨረቃን ፈጠርን አላልንም። ነቢዩ ኤልያስም ብላቴናውን ደጋግሞ ወደ ባሕር ተመልከት ብሎ ሰደደው፤ ትንሽ ደመና ከባሕር ስትወጣ ባየ ጊዜም ዝናቡ ሳይከለክልህ ሠረገላህን አዘጋጅ ብሎ ለንጉሡ ላከበት። መጸለዩንም መመልከቱንም፥ ያየውንም መናገሩን አንድ ሥራ አደረገው።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ሊቃውንቱ የሚያውቁት እንደ ነቢይ አይደለም። ዝናቡን በሦስት ከፍለው፥ ከልማዱ የሚበልጥ፥ እንደ ልማዱ የሚሆን፥ ከልማዱ የሚያንስ ብለው፥ ለእያንዳንዱ ከመቶ ይህን ያህል ብለው ይናገራሉ። ከልማዱ የሚያንስበት ዕድል ከመቶ 45 ነው ሲሉ፥ 55ቱ ሌላ ነው ማለታቸውም ነው። ይህን ለገበሬ እንዴት እንነግረዋለን? አትዝራ ብንለውና ዝናቡ ቢመጣ፥ ልጆቹ የተራቡት በእኛ ቃል ይሆናል። ዝም ብንለውና ባይመጣ ደግሞ ዘሩን ከአፈር ከትተነዋል። እኔ ይህን ብዙ ካሰብሁ በኋላ፥ ያወቀውን ከነጥርጣሬው የነገረ ሰው ቢሳሳት ኃጢአት የለበትም፤ እንዳያፍር ብሎ ዝም ያለ ግን አለበት ብዬ ፈርጃለሁ። ገበሬው ራሱ ዕድሜውን ሁሉ በጥርጣሬ ሲዘራ የኖረ ነውና፥ ከመቶ 45 ማለት ምን እንደ ሆነ ከእኛ ይልቅ ያውቃል። እርሱን ሕፃን የምናደርገው እኛ ነን።

ሁለተኛውም ችግር ገበያ ነው። ድርቅ ይመጣል የሚለውን ቃል ከገበሬው አስቀድሞ ነጋዴው ሰምቶ እህል ሰብስቦ ቢዘጋበትስ? ይህ የፈጠራ ፍርሃት አይደለም። ዮሴፍ የሰባቱን ዓመት ረኃብ አስቀድሞ ዐውቆ እህል በጎተራ ማከማቸቱን ሁላችን እናስተምራለን። ፍጻሜውን ግን የምናስተምር ጥቂቶች ነን። የምስር ሰዎች በመጀመሪያ ገንዘባቸውን፥ ቀጥለው ከብታቸውን፥ በኋላ መሬታቸውንና ራሳቸውን ለፈርዖን ሰጥተው እህሉን ገዙ። ነፍሳቸው ዳነች፤ አርነታቸው ጠፋች። የካህናቱ መሬት ብቻ ሳይነካ ቀረ፤ ይህን ቃል እኛ ካህናት ስናነብ ቶሎ እናልፈዋለን። እንግዲህ ማወቅ ብቻውን ደግ ነገር አይደለም፤ ለማን አስቀድሞ ተነገረ? ጎተራውስ በማን እጅ ነው? ተብሎ ይጠየቃል። የቀወቱ ገበሬ የሸጠውን በሬ የገዛው ሰው ምናልባት ካርታውን ያየ ሰው ሊሆን ይችላል። አይሆንም ብዬ ልምል አልችልም።

ደግሞም ያወቀ ሁሉ አያደርግም። በ1965ና በ1966 ዓ. ም. በወሎ ሕዝብ ሲያልቅ ነገሩ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ የተነገረው ግን ዘግይቶ ነው። በ1977 ዓ. ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል ሲከበር ረኃቡ ደጅ ቆሞ ነበር። በሶማሊያም በ2010 በአውሮፓ አቆጣጠር ላ ኒኛ በታየ ጊዜ ዝናቡ እንደሚጐድል ከነሐሴ ጀምሮ ተነግሮ ነበር። ትልቁ ርዳታ የተነሣው ግን በሚቀጥለው ዓመት በሐምሌ ረኃብ ነው ተብሎ ከታወጀ በኋላ ነው። በመካከሉም ጦርነቱ መንገዱን ዘግቶ ነበር። ወደ 260,000 ሰው ሞተ፤ እኩሌታው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ባሕሩ ተለክቶ ነበር፤ ካርታው ተሥሎ ነበር። የጐደለው የሰው ፈቃድ ነው። በአንጻሩ በ2008 ዓ. ም. በአገራችን 10.2 ሚሊዮን ሰው ርዳታ ፈላጊ ተባለ፤ መከራውም ጽኑ ነበረ፤ የ1977ቱን የመሰለ እልቂት ግን አልሆነም። መንገድ ተሠርቶ፥ ሕዝቡም ሴፍቲኔት የሚለው ርዳታ ከ1997 ዓ. ም. ጀምሮ ተዘርግቶ ነበርና፥ ቃሉ የሚደርስበት እጅ አገኘ።

በእኛስ በኩል ያለው ዕዳ ምንድን ነው? ባሕር የለንም፤ ከ1985 ዓ. ም. ወዲህ ጠረፍም የለንም። ተንሳፋፊ መሣሪያም ልንተክል አንችልም። ነገር ግን የባሕሩ መለኪያ በምድር ያለውን ዝናብ ካላገኘ፥ የሩቁ ሊቅ ትንበያው እውነት መሆኑን በምን ያውቃል? በየቀበሌው የተተከለች የቈርቆሮ ዝናብ መለኪያ በየጥዋቱ በሦስት ሰዓት ተነባ ትጻፋለች። ለዚህም ጥቂት ብር የሚከፈለው አንድ መምህር ወይም የጤና ሠራተኛ ወይም ገበሬ አለ። እርሱ ልጁ ታሞበት አንድ ጥዋት ሳያነብ ቀርቶ በማግሥቱ በግምት ቢጽፍ ማን ያየዋል? ይህች ሐሰት ግን እስከ ናይሮቢ፥ እስከ ጃፓን ትሄዳለች። በ2014 ዓ. ም. ኅዳር ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ሰው ነፍሱን ይዞ ሲሸሽ ዝናብ ለካ ማን ይለዋል? እኔ አልልም። ነገር ግን ሰላም ባለበት ዓመት ባዶ ሆኖ የተገኘ ወይም በግምት የተሞላ ገጽ፥ ከባሕር ወንበዴው ሥራ በምን እንደሚለይ የሚያስረዳኝ ሰው ብፈልግ አላገኘሁም።

ለሌላው ያልሰጠ አገር ከሌላው ሊቀበል ይገባዋልን የሚል ጥያቄ ቀርቦልኝ ያውቃል፤ የጠየቀኝም የተማረ ከተሜ ነው። እርሱ፥ «ጃፓን መርከቧን የምትልከው ለእኛ ብላ አይደለም፤ ለራሷ ሩዝ ነው፤ ምስጋናም ዕዳም የለብንም» አለኝ። እኔ ግን ሰው ለራሱ ብሎ ያበራው መብራት ለመንገደኛም ካበራ፥ መንገደኛው መብራቱን እንዳይሰብር ግዴታ አለበት አልሁት። ከዚያም በላይ የራሱን ጭላንጭል ቢያበራ ለወዲያኛው ይጠቅማል። የከተሜው ወዳጄ አልተረታም፤ እኔም በጠቅላላው ረታሁት አልልም። የአዋሽ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። ለባሕር ምንም ያልሰጠ ወንዝ በየዓመቱ ከባሕር ይቀበላል፤ ባሕሩም ደረሰኝ አይጠይቅም። ሰው ግን ወንዝ አይደለምና ይጠየቃል።

ያን ገበሬ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አገኘሁት። በአንድ የሚያዝያ ገበያ የወቅቱን ትንበያ ከሚያውቅ ወጣት ጠይቄ፥ ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ይዤለት ነበርና አነበብሁለት። ከልማዱ የሚያንስበት ይህን ያህል፥ እንደ ልማዱ የሚሆንበት ይህን ያህል፥ የሚበልጥበትም ይህን ያህል ነው አልሁት። እርሱም በጣቱ ቈጥሮ፥ «እንግዲህ እነርሱም እንደ እኔ ይጠራጠራሉ ማለት ነው» አለና ሣቀ። «በየካቲት ያወቀውን ሰው አሁንም አታገኘውምን የኔታ? በሬዬን ሳይሆን ቃሉን ነበር የፈለግሁት» አለኝ። ይህንም ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ከኪሱ ከተተው። ከእርሻውም እኩሌታውን ማሽላ፥ እኩሌታውን ቶሎ የሚደርሰውን ማሾ እንደ ዘራ በሰኔ ሰማሁ።